አብዮትን የሚወልደው እምነት ነው ወይስ ማኅበራዊ አደረጃጀት?



ሆሳዕና ውስጥ ከምናስተምራቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንዱ በቅርቡ አንድ ጥያቄ አነሳብን። የኢራን ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1979 ንጉሡን ሲያባርር መሪዎቹ ዑለሞች፣ መሰብሰቢያውም መስጂድ ነበር። በአገራችን ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ በፈነዳው አብዮት ሙስሊሞች አደባባይ ወጡ፣ ጥያቄያቸውን አቀረቡ፣ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ አብዮቱን የወሰደው ወታደር ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ጓደኛው ቀበል አደረገና «እነሱ ሺዓ ስለሆኑ ነዋ!» አለ። ክፍሉም በዚህ የተስማማ መሰለ።

መልሱ አጭር ስለሆነ ይጥማል። ግማሹም እውነት ነው። ነገር ግን ግማሽ እውነት ይዞ የሚያድግ ወጣት ነገ ሌላ ሰው በቀላሉ ይነዳዋልና ዛሬ ጉዳዩን ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን። በሱኒና በሺዓ መካከል ያለውን የዓቂዳ ልዩነት ለመተንተን አልተነሳንም፤ ያ የዑለሞቻችን ድርሻ ነው። እኛ የምንጠይቀው አንድ እምነት በምን ዓይነት ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ሲያልፍ የፖለቲካ ኃይል እንደሚሆን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ እንበል። የአሥራ ሁለቱ ኢማሞች ሺዓ ተከታዮች አሥራ ሁለተኛው ኢማም በ260 ዓመተ ሂጅራ ከሰው ዓይን ተሰወሩ ብለው ያምናሉ። ትክክለኛው መንግሥት የሚቆመው እሳቸው ሲመለሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን አብዛኞቹ የሺዓ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ሥልጣንን አልፈለጉም፤ ከቤተ መንግሥት ርቀው ማስተማርን መረጡ። የከርበላ ሐዘንም በ61 ዓ.ሂ. የደረሰ ነው። ሐዘኑም ትምህርቱም ከሺህ ዓመት በላይ የነበረ ከሆነ፣ እምነቱ ብቻውን አብዮት የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ባልጠበቀ ነበር። እንግዲያው ምን ተጨመረበት?

የተጨመረው አደረጃጀት ነው። ከሁሉ በፊት ገንዘቡን እንይ። ሺዓው ከዓመታዊ ትርፉ አንድ አምስተኛውን፣ ኹምስ የሚባለውን፣ ለሚከተለው ታላቅ ሙጅተሂድ ይሰጣል። ሙጅተሂዱ በዚህ ገንዘብ ተማሪዎቹን ያበላል፣ መድረሳ ይሠራል፣ ድሃ ይረዳል። ስለዚህ የቁም ከተማ ዓሊም ደመወዙን ከመንግሥት ካዝና አይጠብቅም ነበር። ይህን ከሌላው ዓለም ጋር ያነጻጽሩት። በኦቶማን ዘመን ሸይኹል ኢስላሙን የሚሾመውም የሚሽረውም ሱልጣኑ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሸይኹ በማሳው፣ በደረሶቹ ጉልበትና መንደርተኛው በሚያመጣለት እህል ይኖራል፤ ዘካውም ከባለሀብቱ በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ ድሃ ይሄዳል። ለድሃው ይህ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ማዕከል አይፈጥርም።

ሁለተኛው ባዛሩ ነው። የኢራን ነጋዴና ዓሊም በጋብቻ የተሳሰሩ፣ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1890 የቃጃሩ ንጉሥ ናሲረዲን ሻህ የትምባሆን ንግድ በሙሉ ለአንድ እንግሊዛዊ አሳልፎ ሰጠ። በ1891 መጨረሻ በታላቁ ዓሊም በሚርዛ ሐሰን ሺራዚ ስም ትምባሆ ማጨስን የሚከለክል ፈትዋ ወጣ። ሕዝቡ ማጨሱን አቆመ፤ በንጉሡ ቤት ያሉ ሴቶች እንኳ ጋያቸውን አስቀመጡ ይባላል። በ1892 መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ውሉን ሰረዘ። ነጋዴው ሱቁን ዘጋ፣ ዓሊሙ ቃሉን ሰጠ፤ ጥይት የተኮሰ ዓሊም ግን አልነበረም። ይኸው የዓሊምና የነጋዴ ኅብረት በ1906 ለተገኘው ሕገ መንግሥትም መሠረት ሆኗል።

ሦስተኛው ሻሁ ራሱ የሠራው ነው። መሐመድ ሬዛ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1953 የጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅ መንግሥት በእንግሊዝና በአሜሪካ እጅ ከተገለበጠለት በኋላ ፓርቲዎችን አንድ በአንድ አጠፋ። በ1957 ሳቫክ የተባለውን የስለላ ድርጅት አቋቋመ። በ1963 «ነጭ አብዮት» ብሎ መሬት አከፋፈለ፤ ሆኖም ብዙው ገበሬ የደረሰው ቁራሽ መሬት ስላልበቃው ወደ ቴህራን ደቡባዊ ዳርቻ ፈለሰ። በዚያ ባዕድ ከተማ የተቀበለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የሰፈሩ መስጂድና «ሄይአት» የሚባለው የሐዘን ማኅበር ነው። ሄይአት ማለት ከእኛ እድር ብዙም አይርቅም፤ አባላቱ የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው፣ በሙሐረም ይሰበሰባሉ፣ ይበላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይረዳዳሉ። በ1975 ሻሁ ራስታኺዝ የሚባል አንድ ፓርቲ ብቻ እንዲኖር አወጀ። በዚያው ሰሞን «የዋጋ ንረትን እንዋጋለን» በሚል በሺህ የሚቆጠሩ ነጋዴዎችን አሰረ፣ ቀጣ። እንግዲህ አስቡት! የሠራተኛው ማኅበር ተዘግቷል፣ ፓርቲው ተዘግቷል፣ ጋዜጣው ታፍኗል፣ ነጋዴው ተናዷል። ሊዘጋ ያልቻለ በር አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የመስጂድ በር ነው።

በዚህ መሐል አስተምህሮውም ተለወጠ። አያቱላህ ኮሜይኒ በ1963 ታስረው በ1964 ለአሜሪካ ወታደሮች የተሰጠውን ያለመከሰስ መብት በመቃወማቸው ከአገር ተባረሩ፤ በ1970 በነጀፍ ባስተማሩት ተከታታይ ትምህርት «ኢማሙ እስኪመለሱ ሕግ አዋቂው ዓሊም ይግዛ» የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። በፓሪስ የተማሩት ዓሊ ሸሪዓቲ ደግሞ ከርበላን የልቅሶ ሳይሆን የትግል ታሪክ አድርገው ለዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ያስተምሩ ነበር፤ አብዮቱን ሳያዩ በ1977 አረፉ። ሁለቱ በሐሳብ አንድ አልነበሩም። ሸሪዓቲ የዑለሞችን የበላይነት ይተቹ ነበር። ነገር ግን የአንዱን የቴፕ ክር የሰማ ወጣት የሌላውንም ይሰማ ነበር።

ከዚያ የሆነውን እንመልከት። በጥር 1978 አንድ ጋዜጣ ኮሜይኒን የሚሰድብ ጽሑፍ አወጣ። በቁም ደረሶች ሰልፍ ወጡ፣ ተገደሉ። በአርባኛው ቀን በተብሪዝ ለሟቾቹ የሐዘን ስብሰባ ተደረገ፤ እዚያም ሰው ሞተ። ከተብሪዝ አርባ ቀን በኋላ በየዝድና በሌሎች ከተሞች ሆነ። አርባ ቀን እየቆጠረ የሚመጣ ሰልፍ! ጠሪው ፓርቲ አልነበረም፣ ቀኑን የወሰነውም ኮሚቴ አልነበረም፤ ልማዱ ራሱ ቀጠሮ ሆነ። መንግሥት ስብሰባ መከልከል ይችል ይሆናል፤ ለቅሶ መከልከል ግን የትም አገር ከባድ ነው። መስከረም 8 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. በቴህራን ዣሌ አደባባይ ጥይት ተተኮሰ፣ የነዳጅ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፣ በታሱዓና በዓሹራ ቀናት (ታኅሣሥ 10 እና 11) ሚሊዮኖች ወጡ። ጥር 16 ቀን 1979 ሻሁ ከአገር ወጣ።

ይህ ሁሉ አንዲት አሜሪካዊት ምሁርን አስገርሟታል። ቴዳ ስኮችፖል የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የቻይናን አብዮቶች አጥንታ አብዮት ሰዎች አስበው የሚሠሩት ሳይሆን መንግሥት ሲፈርስ የሚመጣ ነው የሚል መጽሐፍ ያሳተመችው በዚያው በ1979 ነበር። ኢራን ግን ጦርነት ሳይሸነፍ፣ ካዝናው በነዳጅ ገንዘብ ሞልቶ ሳለ ወደቀ። በ1982 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ታስቦበት የተሠራ አብዮት ቢኖር ይህ ነው ብላ ሐሳቧን አሻሻለች፤ ምክንያቱንም በሺዓ እምነትና በባዛሩ ማኅበራዊ ትስስር ውስጥ ፈለገችው። በነዳጅ ገንዘብ የሚኖር መንግሥት ከሕዝቡ ግብር ስለማይፈልግ ከሕዝቡም ጋር አይተዋወቅም የሚለው ትንታኔዋ በተለይ የሚጠቅም ይመስለናል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

የኢትዮጵያ አብዮት በ1966 ዓ.ም ሲነሳ መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት የነገሌ ቦረና ወታደሮች፣ መምህራን፣ የታክሲ ነጂዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ነበሩ። በዚያ ዘመን በሥራ ላይ የነበረው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያደርግ ነበር። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እየተባለ የሚጠራ፣ በዓሉ የማይከበርለት፣ በሰሜኑ ክፍል የመሬት ርስት የተነፈገ ነበር። ስለሆነም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ከሰልፈኛው መሐል ክርስቲያን ወንድሞችና ተማሪዎችም ነበሩበት። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት 13 ጥያቄዎች ቀረቡ፤ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ የመሬት ባለቤት እንሁን፣ በመንግሥት ሥራና በሠራዊት እኩል እንግባ፣ የራሳችን ምክር ቤት ይኑረን የሚሉት ይገኙባቸዋል። «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል» የሚለውም አንዱ ነው።

ይህን ዝርዝር ደግመን እናንብበው። ሥልጣን የሚል ቃል የለበትም። ኮሜይኒ በነጀፍ ያስተማሩት «ዓሊም ይግዛ» የሚል ነው፤ የሚያዝያ 12 ሰልፈኛ የጠየቀው ዜግነት ነው። እንዲያውም ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ብሎ አደባባይ የወጣው ሙስሊሙ ነበር! በአንድ አገር አናሳ ተደርጎ የተገፋ ሕዝብና በሌላ አገር ከአሥር ዘጠኙን የሆነ ሕዝብ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲጠይቁ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አደረጃጀቱስ? ሁላችንን የሚያሰባስብ መጅሊስ ገና አልተቋቋመም፤ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ በ1968 ዓ.ም ነው። የአንዱ መስጂድ ኢማም የሌላውን አያዝም። የእኛ ባዛር መርካቶ ነበር፤ መርካቶ ግን የሙስሊም ብቻ አይደለም። የጉራጌ ነጋዴ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ እድር ተሰባስቦ በ1950ዎቹ ዓ.ም ገንዘቡን ያዋጣው ለአገሩ መንገድ ለማሠራት ነው። ከዚህ ወጣ ብሎ በሃይማኖት ሳይለይ ሰውን ያሰባሰበው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1967 ታገደ። በባሌም ለዓመታት የቆየ የገበሬ አመፅ ነበር፤ ከአዲስ አበባው ሰልፍ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ግን አልነበረም።

የሆሳዕናና የዱራሜ፣ የአንጋጫና የሾኔ አንባቢዎቻችን «የእኛስ አካባቢ?» ማለታቸው አይቀርም። የእኛ አካባቢ ታሪክ የአደረጃጀትን ነገር ከኢራንም በላይ ያስተምራል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የግብፁ ጸሐፊ አል ዑመሪ ከሰባቱ የኢትዮጵያ ሙስሊም መንግሥታት አንዷ አድርጎ ሐዲያን ይጠቅሳታል፤ ንጉሧም 40 ሺህ ፈረሰኛ ያሰልፍ እንደነበር ይጽፋል። በኋላ የንግሥት እሌኒ አባት ሆኖ የምናገኘው የሐዲያ ገራድም ሙስሊም ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት በኋላ ግን መድረሳው ተዘጋ፣ ዓሊሙ ሞተ ወይም ተሰደደ። የቀረው ምንድን ነው? ጀርመናዊው ተመራማሪ ኡልሪክ ብራውኬምፐር ለብዙ ዓመታት ባጠናው በፈንዳኖ እምነት ውስጥ ጾምን የመሰሉ የእስልምና ቅሪቶች ተገኝተዋል። ሰው ከአባቱ የተረከበውን ይጾማል፤ የሚያስተምረው ኪታብ ግን የለውም። እምነትን የሚሸከም ተቋም ሲፈርስ እምነቱ ራሱ እንዴት እንደሚደበዝዝ ከዚህ በላይ ማስረጃ አንፈልግም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ተቃራኒውን እናያለን። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በግዴታ ሃይማኖት ቀይሩ የተባሉ የወሎ ዑለሞች ወደ ደቡብ ተሰደዱ። ቀቤና ተቀበለቻቸው። መሬት ያለው ገበሬ፣ የሚንቀሳቀስ ነጋዴና የተማረ ስደተኛ በአንድ ቦታ ተገናኙ። ሐሰን ኢንጃሞም በቀቤና ዙሪያ ከሐዲያ፣ ከስልጤና ከጉራጌ ሰዎች አሰባስበው የምኒልክን ጦር ለዓመታት ተቋቋሙ፤ በመጨረሻ ያሸነፏቸው ራስ ጎበና ዳጬ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሱኒዎች ነበሩ፤ ሺዓ አልነበረባቸውም። «ሺዓ ስለሆኑ ነው» ላለው ልጅ የሰጠነው አንዱ መልስ ይህ ነበር።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ የገባር ሥርዓት መጣ። መሬቱ ለመኳንንትና ለነፍጠኛ ተሰጠ፤ ገበሬው በገዛ እርሻው ጪሰኛ ሆነ። ዋቸሞ የነበረችው ከተማ ሆሳዕና ተባለች። የእስልምና ትምህርት በቃጥባሬ፣ በአብረትና በአልከሶ ሸይኾች ዙሪያ ተጠለለ። ሰው ከሩቅ እየተጓዘ ለመውሊድ ይሰበሰባል፣ ስለት ያስገባል፣ ይታረቃል። ሰፊ መረብ ነው፤ ነገር ግን የዚክርና የዒልም መረብ ሆኖ ኖረ እንጂ ወደ አደባባይ አልወጣም። በከምባታና በሐዲያ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ በፍጥነት የተስፋፋው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይዞ፣ በአገሬው ሰው እየተሰበከ። ያን ጊዜ ለጪሰኛው ክብር የሰጠ ስብስብ እሱ ስለነበር ሰው ገባበት። ይህን በቅናት ሳይሆን በትምህርትነቱ ልናየው ይገባል።

በዚህ የተነሳ ዛሬ በአንድ የሐዲያ ቤት አንዱ ወንድም ቃለ ሕይወት፣ ሁለተኛው ኦርቶዶክስ፣ ሦስተኛው ሙስሊም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሲሞቱ የሚቀብራቸው አንድ ጎሳ፣ ብዙ ጊዜም አንድ እድር ነው። በእንዲህ ያለ አገር በአንድ ሃይማኖት ስም የሚነሳ አብዮት መጀመሪያ የሚሰነጥቀው መንግሥትን ሳይሆን ቤተሰብን ነው። የ1966ቱ አብዮት እዚህ የደረሰውም በሃይማኖት ሳይሆን በመሬት በኩል ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በታወጀው አዋጅ መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይያዝ ተደነገገ፤ 800 ሄክታር ገደማ ይዞ አንድ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ጪሰኝነት ቀረ። ሙስሊሙም ጴንጤውም እኩል ጨፈረ።

ጭፈራው ረጅም አልነበረም። ደርግ በ1967 ዓ.ም ሦስት በዓሎቻችንን፣ ሁለቱን ዒዶችና መውሊድን፣ ብሔራዊ በዓል ማድረጉ የማይካድ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን ትርፍ ቤት ሲወርስ የብዙ ሙስሊም ነጋዴን ሀብት ወሰደ፤ መስጂድ የሚያሠራውና ደረሳ የሚያበላው እጅ አጠረ። ቀጥሎም ቀይ ሽብር መጣ፤ ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰባኪዎችም ታሰሩ፣ ጸሎት ቤታቸው ተዘጋ። እሱ ደግሞ የራሱን ቀበሌ፣ የራሱን ወጣት ማኅበር ይዞ መጥቷልና ከእሱ ውጪ የሆነ ስብስብ አይወድም ነበር።

መስጂድ በአገራችን የሕዝብ ንቅናቄ ማዕከል የሆነበትን ጊዜ የዛሬ ወጣት በዓይኑ አይቷል። በ2004 ዓ.ም ከአወሊያ የተነሳው የ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ ከጁሙዓ እስከ ጁሙዓ ቀጠሮ ይዞ፣ በስልክ መልእክት እየተጠራራ፣ በየከተማው ዘለቀ። ጥያቄው ሦስት ነበር፤ መንግሥት አሕባሽን አይጫንብን፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይሁን፣ አወሊያ ነጻ ይሁን። የኮሚቴው አባላት ሐምሌ 2004 ላይ ታሰሩ፣ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ የመጨረሻዎቹ በ2010 ተፈቱ። በ2012 ዓ.ም መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ሳምንታዊው ጁሙዓ ለኢራን «አርባ» እንደሆነው ሁሉ ለዚህ እንቅስቃሴ የቀን መቁጠሪያ ሆኖለታል። ሆኖም ጥያቄው እንደ 1966ቱ ሰልፍ የመብት እንጂ የሥልጣን አልነበረም፤ ለዚህም ይመስለናል ብዙ ክርስቲያን ጎረቤት ያልፈራው።

ከድል በኋላ በኢራን የሆነውን ሳናነሳ ብንተው ግን ተማሪዎቻችንን እንበድላለን። ዓሊሙን ነጻ ያደረገው ከመንግሥት ገንዘብ አለመውሰዱ ነበር አልን። ዓሊሙ ራሱ መንግሥት ሲሆንስ? አያቱላህ ሸሪዓትማዳሪ ኮሜይኒን በ1963 ከሞት ፍርድ ለማዳን ከደከሙት አንዱ ናቸው ይባላል፤ በ1982 ማዕረጋቸው ተገፈፈ፣ በቤታቸው ተዘግተው ቀሩ። የኮሜይኒ ወራሽ ተብለው የተሰየሙት አያቱላህ ሙንተዘሪ በ1988 በእስር ቤቶች የተፈጸመውን የጅምላ ግድያ ስለተቃወሙ በ1989 ከቦታቸው ተነሱ፤ በኋላም ለአምስት ዓመት ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደረጉ። ሻሁ ሊነካው የፈራውን የታላላቅ ዑለሞች ነጻነት የነካው ዑለሞች ያቆሙት መንግሥት ሆነ።

ልማዱ ግን አልሞተም። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ማሕሳ አሚኒ የተባለች የ22 ዓመት ወጣት በሒጃቧ ምክንያት በፖሊስ ተይዛ ሳለ ሞተች። መንግሥት ሰው እንዳይሰበሰብ ከለከለ፣ መንገዱን ዘጋ። ጥቅምት 26 ቀን 2022፣ በአርባኛው ቀን፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሰቄዝን መንገድ ሞልቶ፣ የተዘጋውን በሜዳ እያቋረጠ ወደ መቃብሯ ሄደ።